አራት ቁጥር ኮምፒውተር

የብቃት ምዘናውን ለሁለተኛ ጊዜ ለመውሰድ ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና የሄድኩ ዕለት ቁርስ አልበላሁም። ባለቤቴ በፌስታል የቋጠረልኝ ቂጣ ጭኔ ላይ እንዳለ ሆሳዕና ደረሰ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና "ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?" አሉኝ።

"አይ እናቴ፣ ፈተና አለብኝ።"

"ጌታ ይርዳሽ" ብለው እጄን ያዙት።

የምሠራው በወረዳችን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተርና ኔትወርክ እጠግናለሁ። ሥራው የኮንትራት ነው። ኮንትራቱ እንዲታደስ ደግሞ በምዘና "ብቁ" መባል ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ተመዝኜ ወድቄያለሁ። ያኔ የተሰጠኝን ኮምፒውተር ከፍቼ አጽድቼ መልሼ ሳበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። መዛኙ ሰዓቱን እያየ ከጀርባዬ ቆመ። ምን እንደነካሁ፣ ምን እንዳልነካሁ ጠፋኝ። ጊዜው እስኪያልቅ ያንን ጥቁር ስክሪን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ እንኳ ኮምፒውተር አጥፍቼ ሳበራ የመጀመሪያው ጽሑፍ እስኪወጣ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ከመሄዴ በፊት ጠርተው "ዘንድሮም ካልሆነ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም" ብለውኛል።

ሌላም ፍርሃት ነበረብኝ፤ እሱን ለማንም አልነገርኩም። የአፍ መፍቻዬ ከምባትኛ ነው። በእኛ ቋንቋ ወንድም ሆነ ሴት ስታናግር "አንተ" እና "አንቺ" ብለህ አትለይም። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ስረጋጋ ደህና አድርጌ እናገራለሁ። ስፈራ ግን ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ እጠራለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችንን "አንቺ" ብያቸው ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ የተሰማኝ ሙቀት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። በምዘናው ደግሞ ሠርቶ ማሳየት ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደሠራህና ለምን እንደሠራህ በቃል ታስረዳለህ።

የእኔ ፈረቃ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከምዘና ጣቢያው በር ላይ ስደርስ የጠዋት ተመዛኞች እየወጡ ነው። አንድ ሰው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። ዕድሜው ከእኔ ትንሽ ከፍ ይላል። ዝም ብዬ ማለፍ አቅቶኝ "እንዴት ነበር፣ ወንድሜ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። "ወድቄያለሁ" አለ። "ከጃጁራ ነው የመጣሁት። ሦስት ወር ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር። ሁሉንም አደረግኩ፣ እህቴ። ያ ኮምፒውተር ግን የኔትወርክ ፖርቱን ጭራሽ አያየውም። ድራይቨሩን አስተካከልኩ፣ አያየውም። መብራት ለአፍታ ሄዶ መጣ፣ እንደገና አበራሁት፣ አሁንም አያየውም። 'ምክንያቱን አላገኘኸውም' አሉኝ።"

መስማት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ስለ ፈተናው ውጪ ማውራት ክልክል ነው፤ መመሪያው ላይ በደማቁ ተጽፏል። ቢሆንም እግሬ አልተነሳም።

"አራት ቁጥር ነው" አለኝ። "አራት ቁጥር እንዳይደርስሽ ጸልዪ።"

ገብቼ ፈረምኩ። መዛኙ ወጣት ነው፤ መነጽር ያደርጋል፤ አነጋገሩ የአዲስ አበባ ነው። ስድስታችንም ለኮምፒውተሮቹ ዕጣ አወጣን። የእኔን ወረቀት ስፈታው አራት ቁጥር ነበር።

"ይቀየርልኝ" ማለት አልችልም፤ ለምን ብባል ምን እመልሳለሁ? ሄጄ ተቀመጥኩ። ከኮምፒውተሩ አጠገብ አንድ ወረቀት አለ፦ "ይህ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። ምክንያቱን ፈልገው ያስተካክሉ። የሠሩትን በቅደም ተከተል ይጻፉ። አርባ አምስት ደቂቃ።" ከታች ደግሞ "ያለ መዛኙ ፈቃድ ኮምፒውተሩን መክፈትም ሆነ ከመብራት መንቀል አይፈቀድም" ይላል።

መዛኙ "ጀምሩ" አለ።

መጀመሪያ ከኋላ ያለውን ኬብል አየሁ። በደንብ ተሰክቷል። ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ የፖርቱ መብራት ግን ጨርሶ አይበራም። የኬብሉን ሌላ ጫፍ ኮምፒውተሮቹን በሚያገናኘው ሳጥን፣ ስዊቹ ላይ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ተመልሼ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናሉን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው፤ ቢሮአችንም ቫይረስ ስላስቸገረን ሁለቱን አሮጌ ኮምፒውተሮች በሊኑክስ ነው የምናሠራቸው፣ ስለዚህ ለእኔ አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ አንዷን አጭር ትዕዛዝ ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኳት። በመጨረሻ የኔትወርክ ፖርቶችን ዝርዝር አወጣልኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ብቻ ነው። ኬብሉ የተሰካበት ፖርት የለም።

ከዚያ ድራይቨሩን ፈለግኩ፤ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ማለት ነው። አንድ ፋይል ውስጥ ድራይቨሩ እንዳይነሳ የሚከለክል መስመር ገብቶበት አገኘሁ። ይህ ሆን ተብሎ የተቀበረው ችግር መሆኑ ወዲያው ገባኝ። መስመሩን አጠፋሁ፣ ሪስታርት አደረግኩ። ስክሪኑ ጠቁሮ እስኪመለስ ያለችው ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነችብኝ። ተመለሰ። ዝርዝሩን ደግሜ አወጣሁ።

ፖርቱ የለም።

ከጎኔ ያለችው ልጅ ጨርሳ መዛኙን ስትጠራ ሰማሁ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀርቶኛል። ሰውየው አጥሩ ሥር ያለኝ ሁሉ እየደረሰብኝ ነበር፤ እሱ በሄደበት እርምጃ በእርምጃ እየሄድኩ ነው። እሱ ባይነግረኝ ኖሮ እኔም ፋይሎቹን ከላይ እስከ ታች እያገላበጥኩ፣ ድራይቨሩን እየነቀልኩ እየተከልኩ ጊዜዬን እጨርስ ነበር። አሁን ግን "ጭራሽ አያየውም" ያለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የተሰኩትን ካርዶች በሙሉ የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። የስክሪኑ ካርድ አለ። የድምፁ አለ። የኔትወርኩ ካርድ በስምም በቁጥርም የለም። ድራይቨር ቢኖርም ባይኖርም ካርዱ ከተሰካ እዚህ መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ችግሩ ከሊኑክስ በታች ነው። ማሽኑ ሲነሳ ወደሚከፈተው ቅንብር ገብቼ ካርዱ ተዘግቶ እንደሆነ አየሁ። ክፍት ነው።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ክረምት ላይ ቢሮአችን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ውሎ ከአንደኛው ኮምፒውተር ፖርቱ እንዲሁ ጠፍቶ ነበር። ልጠግነው ሞክሬ ሲያቅተኝ ሆሳዕና ኮምፒውተር የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋ ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ምንም ሳይከፍቱ ከመብራት ነቀሉት፤ ማብሪያውን ተጭነው ቆዩ፤ መልሰው ሰኩት፤ ፖርቱ መጣ። "ካርዱ ደንዝዞ ነው። ስታጠፊውም ከግድግዳው ትንሽ መብራት እያገኘ እንደደነዘዘ ይቆያል። ጨርሶ መራብ አለበት" ብለውኝ ነበር።

መንቀል አለብኝ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት እንዳደረግኩት ጨርሶ አጥፍቼ፣ ጨርሶ ጠቁሮ፣ መልሶ እንዲበራ መጠበቅ። ለዚያውም ፈቃድ ጠይቄ።

እጄን አወጣሁ። መዛኙ መጣ። "ኮምፒውተሩ ካርዱን አያየውም" አልኩ።

"እሱን ነው እንድታስተካክዪ የተሰጠሽ" አለኝ።

"አይደለም። ድራይቨሩን አስተካክያለሁ። ካርዱ ራሱ... አንቺ እዪው" አልኩና ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ።

ከኋላ ሁለት ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ። መዛኙ ግን አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ዝርዝሩን አየ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

"ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

"ከመብራት ልነቅለው።"

"ኃላፊነቱ የአንቺ ነው። ካልተነሳ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። እንደሱ ብለሽ ወረቀቱ ላይ ጻፊና ፈርሚ።"

ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ፊርማዬ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አጥፍቼ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ማብሪያውን ተጭኜ በልቤ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ጠፋብኝና ከአንድ ጀመርኩ። ሰካሁት። አበራሁት።

ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

አላየሁትም። ጥቁሩን እንዳየሁ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ በጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ አለ። የተበላሸ መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው ሰዓቱና ቀኑ እንደጠፋበት ነግሮ ለመቀጠል አንድ ቁልፍ እንድነካ ነው የሚለኝ። አሮጌ ማሽን ከመብራት ሲነቀል ይህን ያደርጋል፤ ባትሪው ሲያልቅ። ይህን አውቃለሁ፤ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን የማውቀውን አላውቀውም ነበር። ቁልፉን ነካሁ። ሊኑክስ ተነሳ። ዝርዝሩን አወጣሁ። ፖርቱ አለ። ጎንበስ ብዬ ከኋላ ሳየው ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

መዛኙ ራሱ ከሌላው ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ሞከረው። ሁለት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። "ጨርሰሻል፣ መሄድ ትችያለሽ" አለኝ። ውጤቱን ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ ከሩቅ አየሁ። "ብቁ" የምትለው ሳጥን ውስጥ ነበር ምልክቱ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ሰውየው የተቀመጠበት ድንጋይ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ነው አዲስ ፍርሃት የመጣው። እሱ አልተሳሳተም። የተቀበረውን ችግር አግኝቶ አስተካክሏል፤ ከዚያ በላይ ያለው የማሽኑ ብልሽት ነው፣ ማንም ያላወቀው። እኔ ያለፍኩት ደግሞ በእሱ ቃል ነው። ተመልሼ ብናገር "ማን ነገረሽ?" ይሉኛል። እውነቱን ብናገር ደንብ ጥሻለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም።

መናኸሪያ ሄጄ የዶዮገና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ "ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ነው የቀረው!" እያለ ይጣራል። ቂጣዬን አውጥቼ አንድ ጊዜ ጎርሼ መልሼ ቋጠርኩት። የሰውየው የቀላ ዓይን ፊቴ ድቅን አለብኝ። ሁለተኛው ሰው ገብቶ በሩ ሊዘጋ ሲል "ቆይ፣ ልውረድ" አልኩ። ረዳቱ ተቆጣ። ወረድኩ።

ወደ ጣቢያው ሽቅብ ስሄድ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። አንዴ ስቆም ልጆቼን አሰብኩ፤ አንዴ አለቃዬን። እግሬን ያንቀሳቀሰው ድፍረት አይመስለኝም። ቤቴ ገብቼ የሰውየውን ፊት በዓይኔ ይዤ መተኛቱን የበለጠ ፈርቼው ነው።

መዛኙ ብቻውን ገመዶች እየጠቀለለ ነበር። "ምን ረሳሽ?" አለኝ።

"ጠዋት አራት ቁጥር ላይ የነበረው ሰውዬ አልተሳሳተም" አልኩት። በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ በር ላይ ያወራነውን ሳይቀር። ስናገር "አንተ" እና "አንቺ" እየተቀላቀለብኝ ነበር፤ አላረምኩትም።

መዛኙ ገመዱን አስቀመጠ። "ይህን ስትነግሪኝ የአንቺም ውጤት ሊሰረዝ እንደሚችል ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላልሽም?"

መልሴን ሳይጠብቅ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። "ጠዋት እኔም ዝርዝሩን አይቼዋለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ካርዱ እንደሌለ አይቻለሁ። እሱ የሆነ ነገር ነክቶ አበላሽቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አንቺ ስታሳዪኝ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ... ማሽኑን ሳልፈትሽ ነው ያቀረብኩት፤ ይህ ከታወቀ እኔም እጠየቃለሁ።" መነጽሩን መልሶ አደረገ። "ፈርቼ ነበር" አለ።

የጣቢያውን አስተባባሪ ጠራት። ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ድምጿ የማይጮህ ሴት ናት። ሁለታችንንም ቆማ ሰማችን። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ከዚያ የእኔም የሰውየውም ምዘና እንደሚሰረዝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌሎች ማሽኖች እንደምንደግም ነገረችኝ። ለሰውየው ራሷ ትደውላለች። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ጻፈችልኝ፤ ፈረምኩ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ መምህር ነው፤ ተማሪ ሲዋሽበት ከማንም በላይ የሚናደድ ሰው ነው። ያን ምሽት ግን "በእጅሽ የገባውን?" አለኝ። "ለማታውቂው ሰው? ልጆቹን ለአፍታ አላሰብሻቸውም?" ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከአስፈላጊ ነገር በቀር አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ሻይ አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ "እኔ አላደርገውም ነበር፤ ለዚህ ነው የተቆጣሁት" አለኝ። ለአለቃዬ ግን አልነገርኩም። ውጤቱን በጠየቁኝ ቁጥር "ገና ነው" እያልኩ ዓይናቸውን እሸሽ ነበር። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከምዘናው የከፉ ነበሩ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጭራሽ አትደግሚም ሊሉኝ ይመስለኛል።

በተባለው ቀን ስሄድ ሰውየው ከእኔ በፊት ደርሷል። ኮፍያውን አድርጓል። ሲያየኝ ተነስቶ መጣ። አመሰግናለሁ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

"አንቺ ነሽ?" አለኝ። "በር ላይ የነገርኩሽን የነገርሻቸው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሴትዮዋ ስትደውልልኝ መጀመሪያ ያነሳችው እሱን ነው። 'ስለ ፈተናው ውጪ አውርተሃል' አለችኝ። ጭራሽ ሊያግዱኝ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማሽኑን ነገር ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ አላመንኳትም።"

"ይቅርታ" አልኩት። "በር ላይ ያወራነውን ሳልነግራቸው የማሽኑን ነገር እንዴት እንደምነግራቸው አላወቅኩም።"

ኮፍያውን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሳቅ አለ፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። "ልክ ነሽ፣ እኔም አላውቅም ነበር" አለኝ። ተጠርተን እስክንገባ አጥሩን ተደግፈን ቆምን። ስለ ፈተና ግን አንዲት ቃል አልተነፈስንም፤ ጃጁራ ዘንድሮ ዝናብ እንደዘገየባቸው ነበር የሚያወራኝ።

ያን ቀን የደረሰኝ ችግር ቀላል ነበር። የኬብሉ ጫፍ መሰኪያው ውስጥ በደንብ ተመትቶ አልገባም፤ ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ ቦታውን ስቷል። ግን ከባድ ነገር እየፈራሁ ስለገባሁ ግማሹን ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስፈልግ ቆየሁ። ኬብሉን በእጄ ይዤ እያየሁት አላየሁትም። ሳገኘው አሥር ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር፤ የሽቦ መምቻውን መቆንጠጫ አንዴ ጣልኩት፤ ሁለተኛው ሙከራ ላይ መብራቷ በራች። መዛኙ ያው ባለመነጽሩ ነበር። "አስረጂኝ" አለኝ። አስረዳሁት፤ አንዴ ብቻ "አንቺ" ብዬው ራሴ አረምኩት።

ውጤቱ ሳምንት ቆይቶ ተለጠፈ። ከዶዮገና ሄጄ ከማየት በስልክ መጠየቅ ይቀል ነበር፤ አልደወልኩም፤ በስልክ መስማቱን ፈራሁት። ሄጄ ዝርዝሩን በጣቴ ወረድኩ። ሁለታችንም ብቁ ተብለናል። ኮንትራቴ ለስድስት ወር ታደሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ገና አላውቅም።